«ሥራዎ ምን ነበር?»

(በምሩቃን ቀን የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሐፉ ሲባል በመጠኑ የተስተካከለ)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲሉኝ፣ ስለ አንድ ስኮትላንዳዊ ተከላካይ እናገራለሁ አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ «የምን ተከላካይ? ክትባት ነው?» አለኝ። የለም፣ የእግር ኳስ ተከላካይ ነው፣ የመሀል ተከላካይ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከዘጠና የማያንስ አልኩት። ይኼ ለምን እንዳሳቃቸው አብራችሁኝ የተማራችሁ ታውቃላችሁ። በባች ውድድር ጊዜ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ሮቢንስ የማነብ ልጅ ነበርኩ። ጎል መግባቱን የማውቀው ሰው ሲጮህ ነው።

ስለዚህ የኳሱን ነገር ከታላቅ ወንድሜ ነው የተማርኩት። እሱ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው፤ ቡድኑ የተሸነፈ ቀን ራት አይበላም። የሕክምናውን ነገር ግን ያስተማረኝ አንድ በሽተኛዬ ነው። ወደ እሱ ቆይቼ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ተከላካዩን ላስተዋውቃችሁ።

ጎርደን ማክኩዊን ይባላል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፣ አትደናገሩ። በ1952 በስኮትላንድ፣ በኤይርሻየር አውራጃ፣ ኪልበርኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በረኛ ነበር፤ የሰፈር ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው በረኛ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፦ አባት በረኛ፣ ልጅ ተከላካይ። በኋላ ታስፈልገናለች።

በ1970 ሴንት ሚረን የሚባለው የፔይዝሊ ከተማ ቡድን ወሰደው። ሁለት ዓመት ተጫወተና በ1972 ሊድስ ዩናይትድ በ30,000 ፓውንድ ገዛው። ሊድስ በዚያን ጊዜ ትልቅ ቡድን ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ ጃክ ቻርልተንን የሚተካ ሰው ነበር። ቻርልተን ማለት በ1966 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሣ የመሀል ተከላካይ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ሰው ጫማ ውስጥ እግሩን ሲያስገባ ምን እንደሚሰማው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የታላላቅ መምህሮቻችንን ክፍለ ጊዜ የተረከባችሁ ታውቁታላችሁ። ማክኩዊን ግን አላፈረም። በ1974 ሊድስ የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን የመሀል ተከላካዩ እሱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ለፍጻሜ ሲደርስ ግን እሱ አልተሰለፈም፤ በግማሽ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ ባርሴሎና ላይ ከሜዳ ተባርሮ ነበር። ፓሪስ ላይ ሊድስ በባየርን ሙኒክ 2 ለ 0 ሲሸነፍ ተመልካች ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ይህንን ሲነግረኝ ትናንት የሆነ ያህል አዝኖ ነው። እሱ ያኔ ገና አልተወለደም።

አሁን ስለ ዌምብሌይ ልናገር፤ ምክንያቱም ማንም ስኮትላንዳዊ ይህን ሰው የሚያስታውሰው በዚያ ቀን ነው። ጁን 4 ቀን 1977፣ እንግሊዝ ከስኮትላንድ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ከግራ በኩል ቅጣት ምት ተሻማ። ማክኩዊን ከሁሉም በላይ ዘለለ። ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንደ እናንተ ለጎሉ ብዬ ሳይሆን ለአንገቱ ብዬ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ከዚያ ከወገቡ ጀምሮ መላ ሰውነቱ እንደ ተወጠረ ደጋን ይለቀቅና ኳሱን በግንባሩ ይመታዋል። ቴስታ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። በረኛው ምንም ማድረግ አልቻለም። ኬኒ ዳልግሊሽ ሁለተኛውን አገባ፣ እንግሊዝ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ መለሰች፣ ስኮትላንድ 2 ለ 1 አሸነፈች። ደጋፊው ሜዳውን ወረረ፤ የጎሉን አግዳሚ ሰበረ፤ ሣሩን እየነቀለ ለመታሰቢያ ወደ ቤቱ ወሰደ። ሕይወቱን ሙሉ ሰው ስለዚያች ቴስታ ሲጠይቀው ኖረ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1978 መጀመሪያ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ተዛወረ፤ ዋጋው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር፣ በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ክለቦች መካከል ክብረ ወሰን ነው። በ1979 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድኑ በአርሰናል 2 ለ 0 ሲመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው አንዷን የመለሰው እሱ ነው። ሁለተኛዋም ገባች፣ ወዲያው ደግሞ አርሰናል ሦስተኛውን አስቆጠረ። (የአርሰናል ደጋፊዎች፣ አሁን ማጨብጨብ አያስፈልግም።) በ1983 ዋንጫውን አነሣ። ለስኮትላንድ 30 ጊዜ ተሰልፎ 5 ጎል አገባ፤ አምስት ጎል ለተከላካይ ብዙ ነው፣ በጭንቅላት የሚመጣ ሀብት ነው። በሁለት የዓለም ዋንጫዎች ስሙ ከቡድኑ ጋር ነበር፣ አንድም ጨዋታ ግን አልተጫወተም፤ የ1978ቱን ከውድድሩ በፊት ጉልበቱ ተጎድቶ ነው ያጣው። በ1985 ማንችስተርን ትቶ ሆንግ ኮንግ ጥቂት ተጫወተ። ከዚያ አሠለጠነ፣ በቴሌቪዥን ጨዋታ ተነተነ። ሳቂታ፣ ተጫዋች ሰው ነበር ይላሉ።

እንግዲህ የአንድ ተከላካይ ሥራ ምን እንደሆነ እናስብ። የመጨረሻዋን ጎል እናስታውሳለን እንጂ የቀን ሥራውን አናስታውስም። የተቃራኒ ቡድን በረኛ ኳሱን እስከ ደመና ይለጋዋል። ያ ኳስ ሲወርድ ከታች የሚጠብቀው የመሀል ተከላካዩ ነው። ከማዕዘን ሲሻማ ከበር አፍ የሚያወጣው እሱ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የብሪታንያ ጨዋታ በአየር ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ በጨዋታ ቀን ነው። በልምምድ ቀን አሠልጣኙ ኳስ እየወረወረ ወይም እየለጋ ደጋግሞ ያስመታዋል። ጨዋታው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ልምምዱ ግን በየቀኑ ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው።

ኳሱ በሕጉ መሠረት ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ማንንም አይጥልም። ግን እናቶቻችን ወተት የሚንጡበትን ቅል አስቡ። ቅሉ ምንም አይሆንም፤ የሚናጠው ውስጡ ነው። አንጎልም በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ነው የተቀመጠው። ራስ በድንገት ሲቆም ወይም ሲዞር እሱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚከተለው፤ በዚያች መዘግየት ውስጥ ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች ይወጠራሉ። ሰውየው አልወደቀም፣ ራሱን አልሳተም፣ እንደተመታ እንኳ አያውቅም። ጨዋታው ይቀጥላል።

የማክኩዊን ልጅ ሄይሊ የስፖርት ጋዜጠኛ ናት፣ በቴሌቪዥን የምትታወቅ። ልጅ ሳለች አባቷ ከልምምድ ሲመለስ ራሱን እያመመው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይተኛ እንደነበር ታስታውሳለች። በ2021 ቤተሰቡ አባታቸው የመርሳት በሽታ እንደያዘው በይፋ ተናገረ። የተሰጠው ስም ቫስኩላር ዲሜንሺያ ነበር፣ ከትንንሽ የደም ሥሮች መዘጋት የሚመጣው ዓይነት። እዚህ ያለነው ሐኪሞች በየቀኑ የምንጽፈው ነው። በጁን 2023፣ በ70 ዓመቱ፣ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ በሳንባ ምች ሞተ።

ነገሩ እዚህ ቢያቆም እኔም ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናገረው። ቤተሰቡ ግን አንጎሉ እንዲመረመር ፈቀደ። ግላስጎው ላይ የነርቭ ፓቶሎጂ ሐኪሙ ዊሊ ስቱዋርት መረመረው። የደም ሥሩ በሽታ አለ፤ ምርመራው አልተሳሳተም። ከእሱ ጋር ግን ሌላም ተገኘ፦ ክሮኒክ ትራውማቲክ ኤንሴፋሎፓቲ፣ በአጭሩ ሲቲኢ። ተማሪዎች፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ታው የተባለው ፕሮቲን ነው። በአንጎል እጥፋቶች ሥር፣ በጥልቁ ቦታ፣ በትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ተጠራቅሞ ይገኛል። የአልዛይመር አቀማመጥ እንዲህ አይደለም። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው። ሲቲ ስካን አያሳየውም፣ ኤምአርአይም አያረጋግጠውም።

በእንግሊዝ አገር አጠያያቂ ሞት ሲኖር ምክንያቱን በአደባባይ የሚመረምር ሹም አለ፣ ኮሮነር ይሉታል። በጃንዋሪ 2026 የሰሜን ዮርክሻየር ኮሮነር የቤተሰቡንም የሐኪሙንም ቃል ሰማና ውሳኔ ሰጠ፦ ኳስን በራስ ደጋግሞ መምታት ለሲቲኢው አስተዋጽኦ አድርጓል፣ ሲቲኢው ደግሞ ከደም ሥሩ በሽታ ጋር ሆኖ ለሞቱ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ገደለው» አላለም፣ «አስተዋጽኦ አድርጓል» ነው ያለው። እንዲህ ያለ ውሳኔ የመጀመሪያው አይደለም። በ2002 ጄፍ አስል የተባለ እንግሊዛዊ አጥቂ በ59 ዓመቱ ሲሞት ሌላ ኮሮነር የሥራ በሽታ ነው ብሎ ነበር። የሥራ በሽታ! እንደ ማዕድን ቆፋሪ ሳንባ፣ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ጆሮ ማለት ነው። እኛ ተማሪ ሳለን ስለ ቦክሰኞች አንድ መስመር ተምረናል፣ ፈተናም ላይ መጥቶልናል። ስለ ኳስ ግን አንድም ቃል አልሰማንም፤ መምህሮቻችንን መውቀሴ አይደለም፣ መጽሐፉም አልነበረውም።

አሁን ቁጥር። ስቱዋርትና ባልደረቦቹ በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡትን ጥናት አብዛኛችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ከ1900 እስከ 1976 የተወለዱ 7,676 የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ወሰዱ። ለእያንዳንዳቸው በዕድሜ፣ በፆታና በኑሮ ደረጃ የሚመሳሰሉ ሦስት ሦስት ሌሎች ሰዎች፣ በድምሩ ወደ 23,000 የሚሆኑ፣ አወዳደሩ። አንጎልን ቀስ በቀስ በሚያጠፉ በሽታዎች የሞቱት ከተጫዋቾቹ 1.7 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 0.5 ከመቶ ናቸው፤ ሲሰላ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። በተቃራኒው በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የሞቱት ተጫዋቾች ከሌላው ያነሱ ናቸው። እስከ 70 ዓመት ድረስ ተጫዋቾቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ሞታቸው ያነሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል። ስለዚህ ማንም ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ልጁን ኳስ እንዳይጫወት እንዳይከለክል። ከተጫዋቾቹም አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አልሞቱም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን በ2021 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ነው። እነዚያኑ ሰዎች በተጫወቱበት ቦታ ከፋፈሏቸው። በረኞቹ ከሌላው ሕዝብ በግልጽ የተለዩ አልነበሩም። ተከላካዮቹ አምስት እጥፍ! የተጫወቱበት ዘመን በረዘመ ቁጥርም ከፍ ይላል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው፦ አባትና ልጅ አንድ ሙያ፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ኳስ፤ አንደኛው ግን በእጁ ይይዘዋል፣ ሌላው በግንባሩ ይመልሰዋል። በእርግጥ ሁለት ሰው ማስረጃ አይሆንም፣ ስታቲስቲክስ ያስተማሩን መምህራችን እዚህ ተቀምጠዋል፣ አያሳፍሩኝ። ሰባት ሺህ ሰው ግን ማስረጃ ነው።

ይህ ጥናት እንዴት ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው ነገር መዝገብ ነው። በአንድ በኩል ክለቦቹና የስኮትላንድ የእግር ኳስ ሙዚየም ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቦታ እንደተጫወተ ጽፈው አስቀምጠዋል። በሌላ በኩል የጤናው መዝገብ ማን በምን እንደሞተ፣ ምን መድኃኒት እንደታዘዘለት ይዟል። ሁለቱን አገናኙ፣ በቃ። «ይህ ሰው ሥራው ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሆነ ቦታ መልስ ነበረው።

ወደ በሽተኛዬ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት አባቷን ወደ ክሊኒካችን ይዛ መጣች። ሆስፒታሉ የት እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሆስፒታሉ አይደለም። ሰውየው በስድሳዎቹ መጨረሻ ናቸው፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ገና ያልጎበጠ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ይጠፋቸዋል። በጣም የሚወዷትን ልጃቸውን ይቆጧታል፣ ከዚያ ያለቅሳሉ። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «እናንተ የተማራችሁት ታውቁት የለም እንዴ?» አሉኝ። ሬዚደንቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ደም ግፊት ነበራቸው። ሲቲ ስካኑ የትንንሽ የደም ሥሮችን በሽታ አሳየ። ቫስኩላር ዲሜንሺያ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ በሚለው መስመር ላይ «ጡረተኛ» የሚል ነበር። የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ልጅቷ በየቀጠሮው አንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። «ዶክተር፣ ምን አድርገናቸው ነው? እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ስለተውናቸው ነው?» እንደ ሁላችንም «ዕድሜ ነው፣ ግፊትም አለ፣ የእናንተ ጥፋት አይደለም» እላታለሁ። ስትወጣ ግን እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ አያለሁ። ሁለት ዓመት ተከታተልኳቸው። አረፉ።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ፣ አሥራ አንድ ወጣቶች፣ ግማሾቹ ቆመው ግማሾቹ ተንበርክከው፣ ከኋላ መሀል ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚረዝመው እጁን አጣምሮ። በድንኳኑ ጥግ ሽማግሌዎች ካርታ እየተጫወቱ የሟቹን ጨዋታ ያወሳሉ። አንዱ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ፣ በሌለ ኳስ ላይ እንዴት ይመታ እንደነበር አሳየን። ሁሉም ሳቀ። ቅጽል ስማቸውን አልናገርም፣ የቤተሰቡ ነው፤ ግን ከጭንቅላታቸው ጋር የተያያዘ ስም ነበር። አሥራ አራት ዓመት የመሀል ተከላካይ ሆነው ተጫውተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቢሮ ሠርተው ጡረታ የወጡት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሐኪማቸው አላወቀችም።

ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። «ልክ እንደ ማክኩዊን» አለኝ። ማን ነው እሱ አልኩት። እንግዲህ ይህ ንግግር የተጀመረው በዚያች ሌሊት ነው።

ምርመራዬ ተሳስቷል አልልም። ማክኩዊንም በሕይወት ሳለ የተጻፈለት ይኸው ነው፣ ከሞተ በኋላም የደም ሥሩ በሽታ በእርግጥ ተገኝቷል። የእኔን በሽተኛ አንጎል ማንም አላየም፤ በእኛ ዘንድ ሰው ዛሬ ሞቶ ነገ ይቀበራል፣ ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ፈቃድ ጠይቄም አላውቅ። ስለዚህ ሲቲኢ ነበራቸው ማለት አልችልም፣ አልነበራቸውም ማለትም አልችልም። ሕክምናውም አይለወጥም ነበር፤ መድኃኒት የለውም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ታዲያ ብታውቂ ምን ልትፈይጂ?» ብለውኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ብዙ አስቤበታለሁ።

አንደኛ፣ ለልጅቷ የምመልሰው ነገር ይኖረኝ ነበር። «አባትሽ ወጣት ሳሉ የሠሩት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል» ማለት፣ «ዕድሜ ነው» ከማለት ጋር አንድ አይደለም። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሷን ስትከስ ነበር። ከአርባው በኋላ ደውዬ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ደስ ይላቸው ነበር እኮ ሲጫወቱ» አለችኝ። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ሌላው የልጅ ልጃቸው ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ በአያቱ ቦታ ይጫወታል፣ በቁመቱም አያቱን ወጥቷል። በስኮትላንድ ከ2020 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በራሳቸው እንዳይመቱ ፌዴሬሽኑ ከልክሏል። በ2022 ደግሞ ፕሮፌሽናሎቹም ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንና በማግስቱ እንዳይለማመዱት ተወስኗል። ጨዋታው አልቆመም፤ የተቀነሰው ማንም የማይቆጥረው የልምምዱ ድግግሞሽ ነው። ይህንን ለልጁ አሠልጣኝ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ዶክተር፣ ቴስታ የማይችል ተከላካይ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ልጆቹን ይወዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ግን ፊልሙን ይዤ ሄድኩ፣ የዌምብሌይን ቴስታ፤ ከዚያ ቀጥዬ ሰውየው እንዴት እንደሞተ ነገርኩት። አሁን ትንንሾቹን በቀላል የፕላስቲክ ኳስ ነው የሚያለማምዳቸው፤ ቁጥሩንም ቀንሷል። አቁሟል ብዬ አልዋሻችሁም።

የመጨረሻው ነገር ለእናንተ ነው፣ በተለይ ዛሬም ለምታስተምሩት። በምንጠቀምበት የሂስትሪ ቅጽ ላይ ሥራ የሚል አንድ አጭር መስመር አለ። በዕድሜ ለገፋ ሰው ሁልጊዜ የሚሞላው «ጡረተኛ» ወይም «የቤት እመቤት» ወይም «ገበሬ» ነው። ጡረታ ሥራ አይደለም፣ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ቅጹ እንዲቀየር በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ የታተመው እስኪያልቅ ጠብቂ ተብያለሁ፣ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ግን በእኔ ራውንድ ላይ ሬዚደንቶቹ ከመስመሩ ጎን በእስክሪብቶ «ከዚያ በፊትስ?» ብለው ይጽፋሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ሬዚደንት አንድ አዛውንት ጋ ቀርቦ «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አላቸው። «ጠባቂ» አሉት። ልጁ ኳስ ወዳድ ነው፣ ዓይኑ በራ፤ «ግብ ጠባቂ?» አላቸው። «የባንክ ዘበኛ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። ልጁ ግን አልተወም። «ከዚያ በፊትስ?» ሲላቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እኔም ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ጥያቄ ካለ ደስ ይለኛል፤ ስለ ባርሴሎናው መባረር ከሆነ ግን ወንድሜ ከኋላ ተቀምጧል፣ እሱን ጠይቁ።